በመስተዋት ላይ የሚደረግ ንግድና የጣት አነካክ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ለጨረሰ መንገደኛ ከቆላው ሜዳ ላይ የምትቀበለው የንግድ ከተማ ናት። ከዋናው ከተማ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ ወደ ደጋ ይልካል፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ዕቃ ደግሞ ከደጋ በመኪና ይወርድለታል። ቀድሞ ይህ የሚወርደው ሸቀጥ በደብዳቤ፣ በሹፌር አፍና በቴሌፎን ይታዘዝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በንግድ ቤቶች ዘንድ ትእዛዝን በስልክ መተግበሪያ መቀበል እየተለመደ በመምጣቱ፣ ባለ ሱቁ የሚፈልገውን ዕቃ ሥዕሉን በጣቱ ነክቶ ያዝዛል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚህች በአንዲት ንክኪ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝም የሚያጠፋም ምክንያት ስላለ፣ አስመጪዎችም ሆኑ ባለ ሱቆች ጉዳዩን ለመተግበሪያ ሠሪዎች ብቻ ትተው ዝም ሊሉት አይገባም።

መቸም ንግድ ከጥንት ጀምሮ በእጅ የሚፈጸም ሥራ ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በግመልና በከብት ገበያ፣ ደላላና ገዥ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ጭብጥ ዋጋ ይነጋገራሉ። የትኛው አያያዝ ስንት ብር እንደሚያመለክት ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ስለሚያውቁት፣ ከአጠገባቸው የቆመው ሰው አንዳች ሳይሰማ ውሉ ያልቃል። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የግብይት አዳራሽም ውስጥ ሻጭና ገዥ ዋጋ እየተጣሩ ቆይተው፣ የተስማሙ እንደ ሆነ መዳፍ ለመዳፍ ይማቱ ነበር። መዳፉ ከመገናኘቱ በፊት ማንም ሰው እጁን መሰብሰብ ይችላል፤ ከተገናኘ በኋላ ግን ውሉ ጸንቷል። እንግዲህ በሁለቱም ሥርዓቶች ውስጥ የእያንዳንዱ ንክኪ ትርጉም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ውሉ የሚጸናበትም ቅጽበት እንደዚሁ የታወቀ ነው። ዛሬ ባለ ሱቁ የሚነካው መስተዋት ግን መልሶ የሚጨብጠው መዳፍ የለውም። ስለዚህም ትርጉሙንም ቅጽበቱንም የሚወስነው መተግበሪያውን የሠራው ሰው ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሸዋ ሮቢትን አይቶ አያውቅም።

የነጋዴው እጅ ለመስተዋት እንግዳ ነው ማለት ግን አይቻልም። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳ ከተጨመረ ወዲህ፣ ባንኮቹም የየራሳቸውን መተግበሪያ ካወጡ በኋላ፣ በስልክ መክፈልና መቀበል የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኗል። የነዳጅ ግዥ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ግንቦት 1 ቀን ደግሞ በክልሎች ሲደነገግ፣ ከዚያ በፊት ስልክን ለመነጋገሪያ ብቻ ይይዝ የነበረው የጭነት መኪና ሹፌር ሳይቀር ጣቱን ወደ መስተዋቱ ለመስደድ ተገድዷል። ስለሆነም ጥያቄው ነጋዴው መንካትን ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚል አይደለም። ጥያቄው የነካው ነገር ያሰበውን ይፈጽምለታል ወይ የሚል ነው።

አብዛኛዎቹ የሸቀጥ ማዘዣ መተግበሪያዎች ገጻቸውን እንደ ገበጣ ሰሌዳ በረድፍና በዐምድ ይከፋፍሉታል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የዕቃው ሥዕል፣ ስሙና ዋጋው ይቀመጣል፤ ከሥሩም አነስተኛ የመደመር ምልክት ይደረግለታል። ይህ አቀማመጥ ለዐይን መልካም ነው። የሱቅን መደርደሪያ ስለሚመስል ማንበብ የማይቀናው ሰው እንኳ የዘይቱን ጀሪካን ከሳሙናው ካርቶን በመልኩ ይለያል። ችግሩ ያለው በእጅ ላይ ነው፤ ይኸውም ገጹ ከዳር እስከ ዳር በሳጥን ስለ ተሞላ፣ ወደ ታች ለመውረድ የሚፈልግ ሰው ጣቱን የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ አያገኝም። የግድ አንዱን ዕቃ መንካት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ስልኩ ጣትን እንዴት እንደሚረዳ በጥቂቱ መግለጽ ያስፈልጋል። ጣት የሚነካው መስተዋት ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን ስለ እርሱ በ1965 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። መስተዋቱ ጣት ሲያርፍበት የኤሌክትሪኩ መጠን መለወጡን ያያል፤ ከዚያም ጣቱ ሲያርፍ፣ ሲንቀሳቀስና ሲነሣ ሦስቱን ለየብቻ ይመዘግባል። ጣቱ አርፎ ወዲያው ከተነሣ መንካት ነው። አርፎ ከተጓዘ ማንሸራተት ነው። አርፎ ሳይንቀሳቀስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ከቆየ ደግሞ ተጭኖ መቆየት ይባላል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ መንካትን ከማንሸራተት የሚለየው ርቀት በተለምዶ 8 የገጽ ነጥብ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ሦስቱም የእጅ ሥራዎች መነሻቸው አንድ ነው፤ ጣቱ ባረፈበት ቅጽበት ስልኩ ራሱ ባለ ሱቁ ምን እንዳሰበ ሊያውቅ አይችልም። ማወቅ የሚችለው ጥቂት ከጠበቀ ብቻ ነው። ጣቱ ገና ሲያርፍ ትእዛዙን የሚመዘግብ መተግበሪያ ቢኖር፣ ገዥው ገና አፉን ሳይከፍት «ሸጥሁልህ» እንደሚል ሻጭ ነው።

በቤተ ሙከራ ውስጥ ይህች አንድ ሚሊ ሜትር ትበቃ ይሆናል። የይፋት ቆላ እጅ ግን ሌላ ነው። በግንቦት ቀትር የባለ ሱቁ ጣት ላብ ያወጣል፤ የላብ ጠብታም በመስተዋቱ ላይ ሲቀር አንዳንድ ጊዜ እንደ ጣት ይቈጠራል። ሽንኩርት ሲመዝን የዋለ እጅ አቧራ ይዟል። በሞፈርና በመቆፈሪያ የጠነከረ የገበሬ ጣት ደግሞ ቆዳው ከመድረቁ የተነሣ መስተዋቱ ሳያውቀው የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ባለቤቱም «አልሰማኝም» ብሎ አጥብቆ ይጫናል፤ አጥብቆ ሲጫን ይቆያል፤ በቆየም ጊዜ መንካቱ ሳያስበው ተጭኖ ወደ መቆየት ይለወጥበታል። በዚህ ላይ የብዙ ሰው ስልክ መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ መሸፈኛውም የተላጠ መሆኑ ሲጨመር፣ ግራ እጅ ገንዘብ ቈጥሮ በቀኝ አውራ ጣት ብቻ መሠራቱም ሲታሰብ፣ ስሕተት ቢበዛ የሚያስደንቅ አይሆንም። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ በባለ ሱቁ ላይ ይወድቃል፤ «አጠቃቀሙን አልተማረም» ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ሚዛኑ ሲሳሳት ገበያተኛውን የሚወቅስ ሰው የለም።

እንበልና አንድ ባለ ሱቅ ሁለት ካርቶን ሳሙና ለማዘዝ ፈልጎ ገጹን ወደ ታች ያንሸራትት። ሳሙናው ከታች በመሆኑ አውራ ጣቱን ሦስት ጊዜ በዘይቱ ሳጥን ላይ አሳርፎ ገፋ ያደርጋል። መግፋቱ ግን አጭር ስለ ነበረ መተግበሪያው ሦስቱንም እንደ መንካት ቈጥሮ ሦስት ጀሪካን ዘይት ይጨምርበታል። ማታ ረዳቱ ሒሳቡን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ዘይትም አዘዋል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። «እኔ? ሳሙና ብቻ ነው ያልሁህ!» ይላል ጌታው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መኪናው ግን ተጭኗል፤ ደረሰኙም ተቈርጧል። በማግሥቱ የመጣውን ዘይት ባለ ሱቁ አልቀበልም ቢል፣ አከፋፋዩ ያንኑ ዘይት የደብረ ሲናን ዳገት አስወጥቶ መመለስ፣ የተቈረጠውን ደረሰኝ መሰረዝና በመጋዘን መዝገቡ ላይ እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። ቢቀበል ደግሞ ለሳሙናና ለስኳር ያሰበው ገንዘብ በዘይት ላይ ታስሮ ይቀመጣል። የአነስተኛ ሱቅ ካፒታል ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ኪሣራ አይንቀውም።

አንዳንድ ሰዎች ክፍያው የምስጢር ቁጥር ስለሚጠይቅ የሚፈራ ነገር የለም ይላሉ። እርግጥ ነው፣ የምስጢር ቁጥሩ ገንዘቡን ከሌላ ሰው እጅ ይጠብቃል። ባለቤቱን ከራሱ ጣት ግን አይጠብቀውም፤ ምክንያቱም ቁጥሩን የሚጽፈው ያው የተሳሳተው ሰው ነው። በዱቤ የሚሠራ ደንበኛ ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ከነአካቴው አይጠየቅም። ሌሎች ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ይቀመጥ የሚል አሳብ ያቀርባሉ። ይህም ቢሆን ሲታሰብ መልካም፣ ሲሠራበት ግን ደካማ ሆኖ ይገኛል። በቀን ሠላሳ ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» የተባለ ሰው በሦስተኛው ቀን ጥያቄውን ማንበብ ይተዋል፤ እጁም «አዎ» የሚለውን ቦታ በልማድ ያገኘዋል። ከጥያቄ ይልቅ መመለሻ ይሻላል። ዕቃው በትእዛዙ ላይ እንደ ተጨመረ ከገጹ ሥር «አንድ ጀሪካን ዘይት ተጨምሯል፤ ልመልሰው?» የሚል ጽሑፍ ቢወጣና ለጥቂት ሴኮንዶች ቢቆይ፣ ያልተሳሳተው ሰው ሥራው አይቋረጥበትም፤ የተሳሳተውም በአንዲት ንክኪ ይድናል። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ጠቅላላው ትእዛዝ ወደ አከፋፋዩ በሚላክበት ጊዜ ብቻ፣ ከዕቃው ዝርዝርና ከጠቅላላው ዋጋ ጋር አንድ ጊዜ ቢጠየቅ በቂ ነው። መዳፍ ለመዳፍ የሚገናኘው ያን ጊዜ ነውና።

ከዚህም የሚከብደው የንክኪው ትርጉም ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ መለያየቱ ነው። በአንዱ ሥዕሉን የነካ ሰው የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ ያነባል፤ በሌላው ያንኑ ሲያደርግ ዕቃው ይታዘዛል። በስልኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሥዕሉን ተጭኖ የቆየ ሰው ሥዕሉ ከቦታው እንደሚነቀል ያውቃል፤ በፎቶግራፍ ማኅደር ውስጥ ያንኑ ቢያደርግ ደግሞ ፎቶግራፉ ይመረጥለታል፤ ከዚያም ወዲያ ቀላሉ ንክኪ እንኳ ፎቶግራፍ መክፈቱን ትቶ መምረጥ ይሆናል። ማለት አንዲት ንክኪ የሌሎቹን ሁሉ ትርጉም ትለውጣለች። ፎቶግራፍ የሚመለከት ሰው በዚህ ቢደናገር የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ነው። የሸቀጥ ገጽ ግን እንደዚህ ዐይነት ሥውር በር ሊኖረው አይገባም። ተጭኖ መቆየት የለመደው ሰው ጊዜ እንዲያተርፍበት እንደ አቋራጭ መንገድ ቢቀመጥ አይከለከልም፤ ነገር ግን ዕቃን ለመምረጥ፣ ለመሰረዝ ወይም ብዛቱን ለመለወጥ ብቸኛው መንገድ ሆኖ መገኘት የለበትም። ለእነዚህ ሥራዎች ሁሉ በዐይን የሚታይ፣ በአማርኛ የተጻፈ ቍልፍ ያስፈልጋል። ገጹ ወደ መምረጥ የተለወጠ እንደ ሆነም፣ ስንት ዕቃ እንደ ተመረጠ ከላይ መጻፍና መውጫውን በግልጽ ማሳየት ይገባል። ወደ ጐን በማንሸራተት ዕቃን መሰረዝማ ከሸቀጥ ገጽ ላይ ፈጽሞ ቢቀር ይሻላል።

ትእዛዝ የሚጸናበት ቅጽበት ጣት በሚነሣበት ጊዜ መሆን እንዳለበት ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደንብ አውጪ ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ላይ አስቀምጦታል። የዚህ ደንብ ጥቅም በገበያ ቋንቋ ሲገለጽ፣ እጅን መሰብሰብ መቻል ማለት ነው። ባለ ሱቁ ዘይቱን ሲነካ ሳጥኑ ወዲያው ቀለሙን ይለውጥ፤ እርሱም መሳሳቱን ካየ ጣቱን ሳያነሣ ከሳጥኑ ውጭ ጐትቶ ቢለቅ ምንም ሳይታዘዝ ይቅር። ብዙዎቹ ስልኮች ይህን ሥርዓት በራሳቸው ይዘዋል፤ የሚያፈርሰው ሥራን ለማፋጠን ሲል ጣት ገና ሲያርፍ የሚቀድም ፕሮግራም ጸሓፊ ነው። ስለ ሳጥኑ መጠን የተነገረውም እንዲሁ ነው። የአንድሮይድ አዘጋጆች ለሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 48 በ48፣ አፕል ደግሞ 44 በ44 ነጥብ እንዲሰጠው ይመክራሉ፤ ለጣት የሚስማማው ስፋት ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው ይባላል። ከሥዕሉ ሥር እንደ ምስር ፍሬ ያነሰች የመደመር ምልክት ማድረግና ሥዕሉን ራሱን ለሌላ ሥራ መመደብ፣ ሁለት በሮችን አንድ ላይ ገጥሞ አንዱን ብቻ ክፈት እንደ ማለት ነው።

ስለ ጽሑፉም አንድ ነገር ሳይነሣ ቢታለፍ ጉድለት ይሆናል። የአማርኛ ቃል በጠባብ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ሲቈረጥም መጀመሪያው ብቻ ይቀራል። «የነጋዴ ክፍያ» እና «የነዳጅ ክፍያ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ጐን ለጐን ቢቀመጡና ጽሑፋቸው ቢቈረጥ፣ ሁለቱም «የነ…» ሆነው ይቀራሉ። በእንግሊዝኛ የተነደፈን ገጽ ቃሉን ብቻ ለውጦ ወደ አማርኛ መመለስ የሚያመጣው ጣጣ ይህ ነው። ሁለት ዐምድ ያለው ሰፊ ሳጥን፣ ጽሑፉም በሁለት መሥመር እንዲወርድ የተፈቀደለት፣ አራት ዐምድ ካለው የተጨናነቀ ገጽ ይልቅ ለአገራችን ባለ ሱቅ ይስማማል። ሰውየው ጥቂት አብዝቶ ማንሸራተት ይኖርበታል፤ ይሁን እንጂ የሚነካውን ያውቀዋል።

የመገናኛው መስመር በሚዳከምበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ነጋዴው ሁሉ ያስታውሳል። መስመር ሲቋረጥና ሲዘገይ የቆየበት ሰው ደጋግሞ የመንካት ልማድ ያወጣል፤ ገጹ ዝም ሲለው እንደገና ይነካል፤ መስመሩ ሲመለስ ሦስቱም ትእዛዞች አንድ ላይ ይደርሳሉ። ለዚህ መድኀኒቱ የታወቀ ነው። መተግበሪያው ንክኪውን መቀበሉን መስመር ሳይጠብቅ ወዲያው ያሳይ፤ «በመጠባበቅ ላይ» ብሎ ይጻፍ። እያንዳንዱም ትእዛዝ ከስልኩ ሲወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስ የአከፋፋዩ መዝገብ እንደ አዲስ አይቍጠረው። ይህ ሥራ የባለ ሱቁን ጣት አይመለከትም፤ በአከፋፋዩ በኩል የሚሠራ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መሠራት ያለበት ግን እርሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ይህ ቢጐድል፣ ደካማ መስመር ባለበት በአንድ ቀን ብቻ ብዙ ሸቀጥ ያለ ጠያቂ ሊጫን ይችላልና።

እዚህ ላይ አስመጪው ወይም አከፋፋዩ «ትእዛዝ ቢበዛልኝ እኔ ምን ተጐዳሁ?» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚያስብ ነጋዴ የተመላሽ ዕቃ ሒሳብ አይዝም ማለት ነው። ባለ ሱቁ ሁለት ጊዜ ያላዘዘው ዕቃ ከደረሰው ስልኩን ትቶ ወደ ቀድሞው ልማዱ ይመለሳል፤ በሹፌር አፍ ማዘዝ ይጀምራል። ለመተግበሪያው የወጣው ገንዘብም ያን ጊዜ ከንቱ ይቀራል። ባለ ሱቁም ቢሆን ስሕተት ባገኘ ቁጥር ዝም ከማለት፣ የትኛውን ሳጥን ነክቶ የትኛው ዕቃ እንደ መጣበት ጽፎ ለአከፋፋዩ ቢያሳውቅ መልካም ነው፤ ያልተነገረ ስሕተት አይታረምምና።

ከእንግዲህ ወዲህ መተግበሪያ የሚያሠራ የንግድ ቤት የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ፈተና ቢያደርግ ተገቢ ይሆናል። ሠሪው ራሱ ወደ ሸዋ ሮቢት ይውረድ፤ በቀትር ሰዓት፣ በዋጋ ርካሽ የሆነና መስተዋቱ ያረጀ ስልክ ይዞ ከሱቅ ይግባ። ስልኩን ለባለ ሱቁና ለረዳቱ ይስጥ፤ የሚታዘዙትን ሃያ ዕቃዎች በወረቀት ጽፎ ያስረክብ፤ ከዚያም በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር ይመልከት። እነርሱም በመካከሉ ለገበያተኛ እየሸጡ፣ ሽንኩርት እየመዘኑ፣ መልስ እየሰጡ ይዘዙ። ማታ የተላከው ትእዛዝ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር። ያለ አሳብ የተጨመረው ዕቃ ሁሉ ይቈጠር፤ የመመለሻው የጭነት ሒሳብም ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ ባለው ዋጋ ተሰልቶ በሥራ ውሉ ላይ በሠሪው ስም ይጻፍ።